ከሞተሩ ጀርባ ያለችው ቱቦ

ጠስ። ዝም። ደግሞ ጠስ።

ናሆም ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር በተከራያት ጠባብ ክፍል ተጋድሞ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ነው ድምፁን የሰማው። የጋለ ብረት ላይ ጠብ የሚል ውኃ ድምፅ ነው። ወጥቶ ማየት አላስፈለገውም፤ ጋሽ አያሌው አሮጌዋን ላንድክሩዘር ግቢ አስገብተዋል፣ እሷም እንደ ልማዷ ታነባለች።

ሲወጣ ሽማግሌው ኮፈኑን ከፍተው ቆመዋል። በደርግ ጊዜ ድንበር አቋርጠው መጥተው፣ ከዚያ ወዲህ ካርቱም ውስጥ በሹፍርና የኖሩ ሰው ናቸው።

“ያችው ናት ጋሼ?”

“ያችው። ከጀርባ ያለችው።”

ያችው የሚሏት ስንዝር የማትሞላ የጎማ ቱቦ ናት። የሞተሩን ትኩስ ውኃ ወደ መኪናዋ ማሞቂያ ታደርሳለች። የተቀመጠችበት ቦታ ግን በሞተሩና ከኋላው ባለው የመኪናዋ ብረት ግድግዳ መካከል፣ ሰይጣን እንኳ እጁን ለማስገባት የሚያመነታበት ጉድጓድ ነው።

የናሆም ልብ የተንጠለጠለው እዚያች ቱቦ ላይ ነበር። በቅርቡ የጋሽ አያሌው እህት ከዳባት ደውላ፣ እናታቸው አልጋ ይዘው “አያሌው፣ አያሌው” እንደሚሉ ነግራቸዋለች። ጋሽ አያሌውም ግቢው ሁሉ እየሰማ፣ “መኪናዋ ትዳን እንጂ እሄዳለሁ፤ ናሆምንም ይዤው እሄዳለሁ” አሉ። ናሆም ተወልዶ ያደገው እዚሁ ካርቱም ነው። የዳባት ልጅ የነበረችው እናቱም እዚሁ ተቀብራለች። አገሩን በወሬ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ፣ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንድ ቪላ አትክልት ያጠጣል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ውኃውን ለቆ በሐሳቡ የዳባትን ተራራ ሲያይ እየዋለ፣ ባለቤቲቱ “አንተ ሐበሺ፣ ጽጌረዳዬ መዋኘት አማረው እንዴ?” እስክትለው ደርሷል።

የግቢው ባለቤት እትዬ ዘመናይ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ቀና አሉ። “ዓምና እሄዳለሁ ሲሉ ፍሬን ነበር። ካቻምና ባትሪ። ይቺ መኪና እንደ ባለዛር ሴት ሰበብ አታጣም!”

“አንቺ ደግሞ ከመኪናዬ ውረጂ” አሉ ጋሽ አያሌው።

ከሐበሻ ጋር ኖሮ አማርኛ የለመደው የመንገዱ ማዶ መካኒክ ኦመር ተጠርቶ መጣ። የእጅ ባትሪውን አብርቶ አየና ሳቁ አመለጠው።

“ዳፋያ? ካርቱም ውስጥ ማሞቂያ? ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ፀሐይቱ በነፃ ታሞቅህ የለ! እቆርጠዋለሁ፣ ሁለቱን ጫፍ አገናኛለሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ። የከተማው መኪና ሁሉ እንዲህ ነው።”

“አይሆንም” አሉ ጋሽ አያሌው። “ዳባት ብርድ ነው። እናቴን ጎንደር ሐኪም ቤት ሳመላልስ በምን ላሙቃት? ወይ በወጉ ይቀየር፣ ወይ ይቅር።”

“በወጉ ከሆነ ሞተር ይወርዳል። አሁን ጊዜ የለኝም። ከረመዳን በኋላ፣ ኢንሻላህ።”

“እንግዲህ ከረመዳን በኋላ” አሉ ሽማግሌው፣ ብዙም ሳይከፋቸው።

ናሆም ግን ከፋው። የታመመች አሮጊት ረመዳንን ትጠብቃለች?

“እኔ እቀይራታለሁ” አለ።

“አንተ?” አለ ኦመር። “ጽጌረዳ መሰለችህ?”

ቢሆንም መሣሪያውን አዋሰው፤ “አንዲት መፍቻ ብትጠፋ አንተን ፈትቼ እሸጥሃለሁ” ብሎ።

ናሆም ሥራ በሌለበት ዓርብ፣ የገዛውን አዲስ ቱቦ ይዞ ገባበት። ውኃውን አፈሰሰ፤ ከላይ ወደ ታች እጁን ሰደደ። ክንዱ እስከ ክርኑ ሄዶ ተቀረቀረ። የጣቱ ጫፍ ቱቦዋን ዙሪያዋን ያሰረችውን የብረት ቀለበት፣ ፋሼታዋን ነካ፤ ለማዞር ግን ቦታ የለም። ሲያወጣው ቆዳው ተልጦ ነበር። ሌላውን እጁን ሞከረ፤ ያው ነው።

ተቀመጠና አሰበ። ከላይ እንቢ ካለች ከጎን አለ። መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ድንጋይ ደገፈላት፣ የቀኙን የፊት ጎማ ፈታ፣ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። ከጎማው ቤት በኩል ቀና ብሎ ሲያይ፣ በዘይትና በአቧራ መካከል ቱቦዋ ብቅ ብላ አገኛት።

“አየሁሽ!” አለ።

ጋሽ አያሌው ጥላ ሥር አልጋ ላይ ተቀምጠው ሲጋራ በሲጋራ ይለኩሳሉ። መፍቻ አላቀበሉም፣ ዓይናቸውንም አልነቀሉም።

አሮጌው ቱቦ እንደ ቋንጣ ደርቆ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ናሆም በምላጭ ሰንጥቆ በጥፍሩ እየፈለፈለ አወጣው። የአዲሱን ጫፍ ፈልቶ በወረደ ውኃ ነክሮ አለዘበና ጥርሱን ነክሶ ገፋው። አልገባም። እንደገና ነከረ፣ እንደገና ገፋ። በአንድ ወገን ገባ፤ ብዙ ታግሎ በሌላውም ገባ።

“ገባች! እትዬ ዘመናይ፣ ገባች!”

ፋሼታዎቹን ሊያጠብቅ እጁን ሲዘረጋ ሁለቱም ከጉልበቱ አጠገብ ካርቶኑ ላይ ተቀምጠው አያቸው። ቱቦውን ከመግጠሙ በፊት ላዩ ላይ ማጥለቅ ነበረበት።

እትዬ ዘመናይ አጎንብሰው አዩና ሳፋቸውን ጥለው ሳቁ። “ጫማውን አስሮ ካልሲውን ረሳ! የኔ መሐንዲስ!”

“ተወው ልጄ” አሉ ጋሽ አያሌው። “ጣቶችህን ጨረስካቸው።”

“አልተውም።”

ናሆም በብዙ መከራ ያስገባውን በገዛ እጁ መልሶ ነቀለው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል። ከመንገዱ ማዶ መስጊድ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ጥሪ ተሰምቶ እስኪያበቃ እዚያው ነበር። ፋሼታዎቹን አጠለቀ፣ ነከረ፣ ገፋ። የፋሼታዎቹን ብሎኖች ራስ ወደ ውጭ አዞራቸው፤ ነገ ሌላ ሰው ቢነካት እንደሱ እንዳይሰቃይ። እስኪበቃቸው ድረስ አጠበቃቸው።

ጎማው ታሰረ፣ ውኃው ተሞላ። ጋሽ አያሌው ገብተው ሞተሩን አስነሱ። ናሆም ከጎናቸው ተቀመጠና ማሞቂያውን ከፈተ። መጀመሪያ አቧራ ተፋ፤ ቀጥሎ ትኩስ አየር ቅልጥሙ ላይ ነፈሰበት። በዚያ ሁሉ ሐሩር ናሆም ጮቤ ሊረግጥ ምንም አልቀረው።

ኦመር መጥቶ በእጁ ከሥር ዳሰሰ። “ወላሂ፣ ደረቅ ናት! ያ ናሆም፣ ሱቄን ልዝጋው መሰለኝ።”

“በሉ ጋሼ፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንውጣ” አለ ናሆም። “በገዳሪፍ አድርገን፣ ድንበር ላይ አድረን። አይደል?”

ጋሽ አያሌው መዳፋቸውን ከአየሩ ፊት ዘርግተው ቆዩ። ላብ በጉንጫቸው ይወርዳል።

“እጅህ ይባረክ” አሉ። “ሰበብ አሳጣኸኝ።”

ሞተሩን አጠፉ። ከመኪናዋ ወርደው፣ ዞረው በናሆም በኩል መጡ፤ ቁልፉን ዘይት በነካው መዳፉ ላይ አስቀምጠው ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት። ከዚያ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካክለው ወደ ግቢው በር አመሩ።

“ጋሼ? ወዴት ነው?”

በሩን ከፍተው ወጡ፤ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ታጠፉ።