የአሥር ሰዓቱ ብርቱካን

ከካርቶን ቤት እንደምገዛ ከማንም ደብቄ አላውቅም። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ «በድብቅ ነበር» የሚል ወሬ ስለተነዛብኝ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት የአረጋውያን መኖሪያችንን የእጅ ጋሪ እየገፋሁ፣ በዋናው በር፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የምገባው። ዓይን ያለው ሁሉ ያየኛል።

ካርቶን ቤት የሚለውን ስም ያወጣነው እኛ የወጥ ቤት ሠራተኞች ነን። እዚያ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አይወጣም፤ በመጣበት ካርቶን አፉ ተቀዶ መሬት ላይ ይቀመጣል። ገንዘብ የምትቀበለው አንዲት ሴት ናት። ፌስታል አትሰጥም፤ ፈገግታም አትሰጥም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ደግሞ መስታወት ቤት ነው። በሩ በራሱ ይከፈታል፣ ሙዚቃ አለው፣ ቲማቲሙ ላይ ውኃ ይረጩበታል፣ ክራባት ያሰረ ሰውዬ እየተከተለ «ምን ልርዳዎት?» ይላል። ምንም እንዳይረዳኝ ነግሬዋለሁ።

የምገዛው ከሁለቱም ነው። አሥራ አራት ዓመት ምድጃ ፊት የቆመ ሰው ዝም ብሎ አይገዛም። እንቁላሉ አንድ ነው፤ ቅርፊቱ ላይ ያለው የእርባታው ማኅተም እንኳን አንድ ነው፤ ዋጋው ግን መንገድ ሲሻገር ይጨምራል። የታሸገውን ባቄላ ከሁለቱም ገዝቼ፣ ውኃውን አጥልዬ መዝኜዋለሁ፤ የመስታወት ቤቱ ቆርቆሮ ሥዕሉ ያምራል፣ ባቄላው ያንሳል። ሩዝ ከተባለ ካርቶን ቤት ነው፤ ያገኘ ሁሉ ስለሚሻማበት ከሳምንት በላይ አያድርም። ዘይት ላይ ግን አልዋሽም። የካርቶን ቤቱ ዘይት መጥበሻ ላይ አረፋ ይደፍቃል፤ ሽታው መጋረጃ ላይ ሦስት ቀን ይሰነብታል። ስለዚህ ዘይት ከመስታወት ቤት እገዛለሁ፤ ውድ ነው፣ እያጉረመረምሁም ቢሆን እከፍላለሁ። ቲማቲምም ከሐሙስ በኋላ ከካርቶን ቤት አይነካም።

በዚህ ሁሉ መንገድ መሻገር ከሚተርፈው ገንዘብ የምትገዛው ብርቱካን ናት። በተቋሙ በጀት ውስጥ ፍራፍሬ የሚባል ነገር የለም። ቁርስ፣ ምሳና እራት አለ፤ ከምሳ እስከ እራት ያለው ጊዜ ግን ለሠላሳ አንድ አዛውንት የማያልቅ ነው። በሥራ ቀን ጠያቂ አይመጣም። አሥር ሰዓት ሲሆን እኔ ቅርጫቴን ይዤ እወጣና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ብርቱካን አስጨብጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያለብሳቸው፣ ሰው የሚያጎርሳቸው ሰዎች ናቸው። በገዛ እጃቸው የሚልጡት ነገር እሷ ብቻ ናት። አንዳንዱ ልጦ እስኪጨርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ላግዝህ ያለውን ሰው ግን በዓይኑ ይገድለዋል።

ሌላም ልማድ አለኝ። ሩዝም ሆነ ምስር እንደገባ ከረጢቱን ቀድጄ ባለክዳኑ ነጭ ባልዲ ውስጥ እገለብጠዋለሁ፤ ከረጢቱን እጥለዋለሁ። ወረቀቱን አንበላውም እላለሁ። ያጋለጠኝ ይህን ልማድ አንድ ጊዜ መተዌ ነው።

አባባ ሚዛን የምንላቸው ሽማግሌ እኛ ጋ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት የእህል ሱቅ የነበራቸው ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ከጥላ በቀር አያዩም፤ ነገር ግን ሳህናቸውን በእጃቸው ከፍ ዝቅ ያደርጉና «ዛሬ ከትናንት ሁለት ማንኪያ ጎድሏል» ይላሉ፤ ሁሌም እውነት ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ መሐንዲስ ናት። በወር አንዴ ቅዳሜ ትመጣለች። ያን ሰሞን ግን ሳይታሰብ ማክሰኞ መጣችና በሩ ላይ ከነጋሪዬ ገጠመችኝ።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አለች ካርቶኖቹን እያየች።

«ለምሳ።»

«አባቴ ከዚህ ሱቅ ነው የሚበላው?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ። ወፈር ማለታቸውን አላየሽም?»

አልሳቀችም። ቀጥ ብላ ወደ ቢሮ ገባች።

ዳይሬክተራችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ደስ ሲለው «እርስዎ» ይለኛል፣ ሲጨንቀው «አንቺ»። ከሰዓት ጠራኝና «ስሚ አንቺ» ብሎ ጀመረ፤ የመጣው ገባኝ። ቤተሰብ ቅሬታ አቅርቧል አለ። የተቋሙ ስም አለ፣ ክብር አለ፣ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ሁሉም ዕቃ ከመስታወት ቤት ይገዛ አለ።

«ብርቱካኑስ?» አልሁት።

«ብርቱካን በጀት ውስጥ የለም።»

«እኔም የምጠይቅዎት ለዚያ ነው። ሁሉን ከዚያ ከገዛሁ በምን ልገዛው ነው?»

«እሱን እንግዲህ እናስቀረዋለን» አለ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ። ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ቢከለክለኝ ይሻለኛል።

ወሩ ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶታል። መሐንዲሷ ግን አሥር ቀን መታገሥ አልሆነላትም። በማግስቱ ከመስታወት ቤት አምስት ኪሎ ሩዝ ገዝታ ላከች፤ ከረጢቱ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ነው። «ለአባቴ ብቻ ለብቻው ይቀቀል» የሚል ወረቀትም ተለጥፎበታል። እሺ ብዬ በትንሿ ድስት ለብቻው ቀቀልሁት።

አባባ ሚዛን ሳህኑን ከፍ ዝቅ አደረጉት። አሸተቱት። አንድ ማንኪያ ጎረሱና ማንኪያውን አስቀመጡ። «አልራበኝም» አሉ። በነጋታውም እንደዚያው አልራባቸውም። በሦስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ብርቱካናቸውን በላጡበት ፍጥነት ልጠውት አያውቁም። በልተው ሲጨርሱ እጃቸው አጠገባቸው ወደተቀመጡት አሮጊት ብርቱካን ሄደና ግማሽ መንገድ ላይ አፍሮ ተመለሰ። ያቺን እጅ ሳይ ደሜ ፈላ። በዚያው ምሽት ከነጩ ባልዲ ቀቅዬ አቀረብሁላቸው። ሳህኑን አጽድተው በሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ አደረግሁ። አታድርጊ የተባልሁትን አደረግሁ፤ ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ።

ስህተቴ ሌላ ነው። ስንቱን ከረጢት ቀድጄ ስገለብጥ የኖርሁት ሴት ያንን ባለወርቅ ከረጢት አልገለበጥሁትም። የእሷ ነው፣ አልነካውም ብዬ ጥግ ላይ አቆምሁት። ኩራት ነበር። የወሩ መጨረሻ ዓርብ ልጅቷ ሳትናገር መጥታ ወጥ ቤት ገባችና ከረጢቱን አየችው። ከላዩ ትንሽ ጎደል ከማለቱ በቀር እንዳመጣችው ነው።

ወዲያው ዳይሬክተሩን ጠርታ አመጣችው። እኔ ቅርጫቴን ይዤ ወደ መመገቢያው አዳራሽ ስወጣ በር ላይ ቆሙብኝ፤ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፣ አዛውንቶቹ ሁሉ በየወንበራቸው ናቸው።

«አንቺ!» አለ ዳይሬክተሩ። «የሰውን ምግብ ቀይረሻል?»

«ቀይሬአለሁ።»

ይካድብኛል ብሎ የተዘጋጀበት ነገር ሲታመንለት ሰው ግራ ይገባዋል። ልጅቷ ቀደመችው።

«ለምን? እኔን ለማናደድ?»

«አባትሽ ስለራባቸው ነው። ያመጣሽውን ሦስት ቀን ሙሉ አልበሉልኝም።»

«ውሸት ነው! ከሱቁ ውዱ ሩዝ ነው እኮ!»

«እንግዲያስ ባለቤቱን እንጠይቃቸው» ብዬ ተመለስሁ። ከነጩ ባልዲ አንድ እፍኝ፣ ከባለወርቁ ከረጢት አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ በሁለት ሳህን አድርጌ አባባ ሚዛን ፊት አስቀመጥሁ። ዳይሬክተሩ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ዓይናቸው አያይም እኮ» አለኝ።

«ዓይን ማን ጠየቀ?» አልሁት።

አባባ ሚዛን የምን ሩዝ ነው አላሉም። እጃቸውን ወደ አንደኛው ሳህን ሰደዱ፣ ጥቂት ዘገኑና በመዳፋቸው መካከል አሹት። መዳፋቸውን አሸተቱ። አንዲት ፍሬ በቀሩት የፊት ጥርሶቻቸው ቆረጠሟት። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረጉ። ያለ ማዳመጫ የማይሰሙት እንኳን አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይሄኛው አዲስ ነው» አሉ፣ የባልዲውን ሳህን ወደ ደረታቸው እየሳቡ። ሌላውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ይሄ ደግሞ መጋዘን የሰነበተ ነው። ዓመት አልፎታል። ነቀዝ አልገባበትም፤ ግን እያሰበበት ነው።»

ሳቅ ተነሣ። ልጅቷ ቀላች።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ነው ውዱ።»

«ውድ ስለሆነ ነዋ የሰነበተው። ማን ይገዛዋል?» በእጃቸው ልጃቸውን ፈለጉ፤ እጇን ሰጠቻቸው። «እኔ ሱቅ አንድ ጆንያ ነበር የሚመጣው። ግማሹን በተራ ከረጢት፣ ግማሹን ሥዕል ባለበት ከረጢት አደርገዋለሁ። ባለሥዕሉን በእጥፍ ነበር የምሸጠው። ‘ለልጆቼ ደህናውን ስጠኝ’ ይሉኝ ነበር፤ ደህናውን ብዬ እሰጣለሁ። በምን መሐንዲስ የሆንሽ ይመስልሻል?»

እኔ ተናደድሁ፣ አልደብቅም። ወደ ኋላ አርባ ዓመት ሄጄ ከሚዛናቸው ማዶ ቆሜ ብጣላቸው ደስ ባለኝ። እናቴም እንዲህ ካለ ሰው ባለሥዕል ከረጢት ስትገዛ ነው የኖረችው። ቢሆንም ዛሬ እውነቱን በሰው ፊት ተናግረዋል፤ ለዛሬ ይበቃኛል።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያም ሆኖ መመሪያው ወጥቷል። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ከሰኞ ጀምሮ—»

«ጥሩ» አልሁና ቅርጫቱን ደረቱ ላይ አስጠጋሁለት። ሳያስበው ተቀበለኝ። «አሥር ሰዓት ሆኗል። ዛሬ አንተ አድላቸው።» አንቺ ያለኝን ሰው አንተ ብየዋለሁ፤ አልጸጸትም። «ለእያንዳንዳቸው ስትሰጥ ከሰኞ ጀምሮ እንደማይኖር ንገራቸው። እኔ አልናገርም። ትእዛዙ ያንተ ነው፣ አፉም ያንተ ይሁን።»

ሠላሳ አንድ ፊት ወደ እሱ ዞረ። መጀመሪያ ያሉት ጡረተኛዋ መምህር ናቸው። ብርቱካኗን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና «ተባረክ ልጄ» አሉት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ሁለተኛው ጋ ሄደ። ሦስተኛው ጋ ሄደ። ለማንም ምንም ሳይናገር አባባ ሚዛን ጋ ደረሰ። እሳቸው ብርቱካናቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና «ምነው ሰውዬ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል?» አሉት።

ቅርጫቱን ባዶ አድርጎ መለሰልኝ። ግንባሩ አልቦት ነበር።

«እርስዎ» አለ፣ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «እንደለመዱት ይግዙ።»

ልጅቷ ከረጢቷን ይዛ ልትሄድ ስትል ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆም አለች። «ዘይቱም ከዚያው ነው?» አለችኝ በቀስታ። ያልተሸነፈችበት ነገር ካለ ብላ ነው።

«ዘይቱ ከመስታወት ቤት ነው» አልኋት። «እሱ ላይ ልክ ነሽ፤ ያለውን አለ እላለሁ።»

ማክሰኞ ጋሪዬን እየገፋሁ በዋናው በር ገባሁ። ሩዝ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ከሁሉም በላይ ሠላሳ ሁለት ብርቱካን። አንዷ ለሚንቀጠቀጠው እጅ ናት። ባዶውን ካርቶን ከላይ አደረግሁት፤ የሱቁ ስም በትልቁ የተጻፈበትን ጎን ወደ ቢሮው መስኮት አዞርሁት።