የጋሽ ሬዲዮ ትንበያ

“ጋሼ፣ ዛሬስ? ይዘንባል?”

ፍራሽ አዳሿ ይህን የጠየቀችው በጥጥ የታጨቀ ማዳበሪያ የኋሊት እየሄደች መሬት ለመሬት እየጎተተች ነው። ጋሽ ሬዲዮ በራቸው ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብለው፣ የሬዲዮአቸውን ኢርፎን ቀኝ ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው የጸደይዋን ፀሐይ ይሞቃሉ። ጣታቸውን ቀስረው “አንዴ ቆዪ” አሏት። ዓይናቸውን ጨፈኑና ግንባራቸውን ኮስተር አድርገው ጥቂት ቆዩ።

“ጥርት ያለ ቀን ነው” አሉ በመጨረሻ። “አንዲት ጠብታ የለም። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ነው የተናገሩት።”

ዕድሜ ይስጥዎት ብላ ማዳበሪያውን ግቢው መሃል በተነጠፈው ሸራ ላይ ዘረገፈችው። ከቤቷ መስኮት ግን ተቃውሞ መጣ። አማቷ ናቸው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው፤ ዓለምን የሚያዩትም የሚቆጣጠሩትም ከዚያ ሆነው ነው። ጉልበታቸው ሌሊቱን ሲጠዘጥዛቸው ማደሩን፣ ጉልበታቸው ደግሞ በዝናብ ጉዳይ ዋሽቶ እንደማያውቅ ተናገሩ።

“እማማ፣ የእርስዎ ጉልበት ከጣቢያው በለጠ?” አለች ፍራሽ አዳሿ እየሳቀች።

ጋሽ ሬዲዮም አብረው ሳቁ። ምን እንደተባለ ግን አያውቁም። ሰው ሲስቅ መሳቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል?

ነገሩን ከማስታመም እዚሁ ላይ ማፍረጥ ይሻላል፤ ጋሽ ሬዲዮ አይሰሙም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ፣ ሰው ከሰው በምልክት በሚነጋገርበት የማሽን ጩኸት መሃል ነው። ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸው ገና ደህና ነበር። ከዚያ ትንሽ በትንሽ ከዳቸው። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ቀጥሎ የስልክ ድምፅ ጠፋ፤ ከዚያም የልጃቸው። አሁን በኢርፎኑ ውስጥ የቀረላቸው፣ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ የሚያሰማው ዓይነት እዝዝታ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ይሰኩታል? ስማቸው ነዋ! ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው ጆሯቸው ጤነኛ በነበረበት ዘመን፣ የዓለሙን ወሬ ከአግዳሚው ላይ ሆነው ሲያከፋፍሉ ነው። በየሰው ኪስ ስልክ አለ፤ ሰው ግን ስልኩን ይዞ እየመጣ እሳቸውን ይጠይቃል። ስልኩ አሥር ዓይነት ነገር ይነግረዋል፤ ጋሽ ሬዲዮ አንድ ነገር ነግረው ያሳርፉታል። ሬዲዮ የማይሰማ ጋሽ ሬዲዮ ምን ሊባል ነው? ምስኪን ሽማግሌ ነዋ። ምስኪን መባልን ደግሞ ከሞት አስበልጠው ይፈሩታል።

ስለዚህ ዘዴ አበጁ። በየጠዋቱ ዳቦ ቤት ይሄዱና፣ ዳቦ ሻጩ ግድግዳ ላይ ከሰቀለው ቴሌቪዥን ሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ቆመው ያነባሉ። ምርጫው፣ የነዳጁ ዋጋ፣ የመሬት መንቀጥቀጡ፣ ሁሉም ከዚያ ነው የሚለቀመው። ለማጣፈጫ ድሮ የሰሟትን ጣል ያደርጉባታል፤ ኦክቶፐስ የምትባል የባሕር ፍጥረት ሦስት ልብ አላት፣ ማር አይበላሽም፣ እንዲህ እንዲህ። ችግሩ አየሩ ላይ ነው። ልክ የአየር ጠባይ ሊነገር ሲል ዳቦ ሻጩ ወደ ኳስ ይቀይረዋል። እናም ጋሽ ሬዲዮ ሰማዩን ያዩና የመሰላቸውን ይናገራሉ። እስከ ዛሬ ቢሳሳቱም የሰው ሸሚዝ ረጥቦ ከመድረቅ ያለፈ ጉዳት አልደረሰም።

የዛሬው ግን ሸሚዝ አይደለም። ጥጡ አዲስ ሊከፈት ያለ የአንድ ፔንሲዮን ነው። ፍራሽ አዳሿ የተወሰኑ አሮጌ ፍራሾችን ተረክባ፣ ቀዳ፣ ጥጡን አጥባና አባዝታ፣ መልሳ ሞልታ ነገ ልታስረክብ ቃል ገብታለች። ከወደዱላት የቀሩት ክፍሎች ፍራሽ ሁሉ ለእሷ ይሰጣል። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ለእናቱ ሰላምታ ይልካል፣ ሌላ ነገር ግን መላክ ካቆመ ቆይቷል። ይህን ሥራ ካጣች ተመልሳ በየበሩ “ፍራሽ የሚታደስ!” እያለች መዞር ነው።

እኩለ ቀን ላይ የፍራሽ ጨርቅና ክር ልትገዛ ወጣች። በጋሽ ሬዲዮ ፊት ስታልፍ ወደ ዓይኗ፣ ቀጥላ ወደ ጥጡ አመለከተች። ይቺን ለመረዳት ጆሮ አያስፈልግም። ጋሽ ሬዲዮ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው አሰናበቷት።

ጥበቃውንም ከልባቸው ነበር የያዙት። የጎረቤት ዶሮ ጥጡን ለእንቁላል መጣያ መርጣው ኖሮ ሁለት ጊዜ አባረሯት። ወንበራቸውን አዙረው፣ ዓይናቸውን ከጥጡ ሳይነቅሉ ተቀመጡ። ደመናው የመጣው ግን ከጀርባቸው ነው።

የአማትየዋ መስኮት ሲወዛወዝ ቀና አሉ። አሮጊቷ በክንዳቸው ተደግፈው ከአልጋቸው ብድግ ለማለት ይታገላሉ፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እጃቸው ወደ ላይ ይጠቁማል። ጋሽ ሬዲዮ የሰው ከንፈር ማንበብ ከለመዱ ቆይተዋል፤ ጥርስ የሌለው አፍ ግን ለንባብ አይመችም። ስለ ዶሮዋ ነው የሚነግሩኝ ብለው ገመቱ። “እሺ፣ እሺ” እያሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። አሮጊቷ መስኮቱን በጡጫ መቱት። “እሺ አልኩ እኮ” አሉ ጋሽ ሬዲዮ፤ እጃቸውንም አውለበለቡላቸው። ሰው ሲያረጅ እንዴት ነዝናዛ ይሆናል ሲሉ በሆዳቸው ታዘቡ። አግዳሚው ከሥራቸው ሲንቀጠቀጥ መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ያለፈ መሰላቸው። በየጓሮው ሴቱ ሁሉ ልብሱን ከገመድ ሲያወርድ እሳቸው ዶሮዋን ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ እጃቸው ላይ አንድ ጠብታ አረፈች። ቀና ሲሉ ሰማይ የሚባል ነገር አልነበረም። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ወረደ። ጋሽ ሬዲዮ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ፤ ያቀፉትን ያህል ጥጥ አቅፈው ቤታቸው አስገቡ፣ ተመልሰው ሌላ እቅፍ አነሱ። ለሦስተኛው ሲመለሱ የቀረው ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ሊነሣ አልቻለም። የግቢው ጎርፍ ጭቃውን ይዞ በሸራው ላይ አለፈ።

ፍራሽ አዳሿ ጨርቁን በፌስታል ሸፍና ስትገባ ዝናቡ ሊያባራ ነበር። አላለቀሰችም። ቁጢጥ ብላ ከጭቃው ውስጥ አንድ እፍኝ ጥጥ አነሣችና ጨመቀችው። ቡናማ ውሃ በክንዷ ወረደ። ጎረቤቱ በየበሩ ብቅ ብሎ ከንፈሩን ይመጣል።

“ጠርቻቸዋለሁ!” አሉ አማትየዋ በመስኮት። “ነፍሴ እስክትወጣ ጠራኋቸው። ሊዘንብ ነው፣ አንሡላት ብዬ ለመንኳቸው። እሺ፣ እሺ እያሉኝ ተቀመጡ።”

“እማማ፣ እባክዎ። ጋሼ እንደዚህ አያደርጉም።”

“በዓይኔ ያየሁትን?”

ፍራሽ አዳሿ ወደ ጋሽ ሬዲዮ ዞረች። ዝናቡ ከፀጉሯ ይንጠባጠባል። ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ስለተናገረች ከከንፈሯ ላይ በግልጽ አነበቡት። “ጋሼ፣ ጠርተውዎት ነበር?”

ይሄኔ ነው እንግዲህ። ግቢው ሁሉ ያያቸዋል። አዎ ቢሉ፣ ለምን አላነሡም ይባላሉ፤ ለምን ከተባሉ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ከሥሩ ይነቀላል፤ ኢርፎኑ፣ ዜናው፣ የጠዋቱ ጥርት ያለ ቀን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሳያስቡት ተናገሩት።

“እኔ የሰማሁት ነገር የለም” አሉ።

ሐሰት አልተናገሩም። ግን ሰው ምን ብሎ እንደሚረዳው ያውቁ ነበር፤ እንደዚያ እንዲረዳላቸውም ነው ያሉት።

ፍራሽ አዳሿ አማቷን፣ ሸለብ አድርጎዎት አልመውት ይሆናል አለቻቸው፤ በቁጣ ሳይሆን በድካም። ለጋሽ ሬዲዮ ደግሞ አዘነችላቸው። እርስዎ ምን አደረጉ፣ ጥፋቱ የነዚያ በየጣቢያው ተቀምጠው በነፃ ደሞዝ የሚበሉት ነው አለች። ጎረቤቱም ተቀባበላት፤ ዘንድሮ እኮ አንድም እውነት አይናገሩም ተባለ። አሮጊቷ መጋረጃቸውን ሳቡ።

ጋሽ ሬዲዮ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ያዳኗት ጥጥ አልጋቸው ላይ ተከምራለች፤ ከጎኗ ተቀመጡ። ስለ ጥጡ ማፈራቸው ይቅር፣ የአየር ነገር ማንንም ያሳስታል ብለው ራሳቸውን ለማባበል ሞከሩ። አሮጊቷን ግን ምን ያድርጓቸው? ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ሴት ያላቸውን ኃይል ሁሉ አውጥተው ጮኹ፤ እሳቸው እጅ አውለበለቡላቸው፤ ከዚያም በአደባባይ ውሸታም አደረጓቸው። ኩምሽሽ አሉ።

ማምሻውን ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው ገባች። ጥጡን አይታ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። አፏን ደግማ ከፈተች፣ አየት አደረገቻቸው፣ መልሳ ዘጋችውና ወደ ማዕድ ቤት ሄደች። ለወዳጆቻቸው ሁሉ፣ ልጄ ዘንድሮ ኩርፊያ አብዝታለች እያሉ ያሟታል። ያኮረፈ ሰው ግን አፉን እንዲያ ከፍቶ አይዘጋም። የደከመው ሰው ነው እንደዚያ የሚያደርገው። አንዴ ጆሮዎን እናሳይ ብትላቸው ሳምንት ሙሉ ፊት ነስተዋት ነበር። ይሄም ትዝ ሲላቸው ሌላ እፍረት ተጨመረባቸው።

ከዝናቡ በኋላ ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ ጠርቶ ዋለ። ጋሽ ሬዲዮ አየር አንሷቸው ወደ አግዳሚው ሲወጡ ፍራሽ አዳሿ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ደግነቱ ፊቷን ወደ እሳቸው አድርጋ አወራቻቸው። ከከንፈሯ የያዙትን ያዙ፣ ያመለጣቸውም አመለጣቸው። የፔንሲዮኑ ሰዎች አንድ ቀን ጨምረውላታል። ጥጡን መልሳ አጥባዋለች። ነገ ፀሐይ ከሆነ እዚሁ ታሰጣዋለች። ካልሆነ የሰፈሩ አናጺ የእንጨት ማድረቂያ ክፍሉን ሊያውሳት ፈቅዷል፤ ግን አሁኑኑ ቁርጡን ካልነገረችው በሩን ቆልፎ ይሄዳል። አማቷም እህል አልቀምስም ብለዋል።

“‘ለውሸታም ምን እራት ያስፈልጋታል?’ አሉኝ” አለች። ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። “የማታው ዜና ሰዓት ደርሷል ጋሼ። እስቲ ይስሙልኝ።”

ጋሽ ሬዲዮ ኢርፎኑን ሰኩ። እዝዝ ይላል። ልጃቸው የዕቃ ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ምዕራቡ ቀላ ብሏል፤ ጥግ ላይ አንዲት ደመና አለች፤ ከዚያች በቀር ጥርት ያለ ነው። ይዘንባል ወይ አይዘንብም፣ ከሁለት አንዱ ነው። ምላሳቸው ተዘጋጅቶ ነበር። መጋረጃው የተሳበበትን የአማትየዋን መስኮት አዩ። ከኋላው መብራት እንኳን አልበራም።

ኢርፎኑን ነቅለው ዘረጉላት።

“አንቺ ስሚው።”

“እኔ?”

“እኔ አልሰማም። ጠዋትም የሰማሁት አልነበረም፤ ከራሴ ነው የነገርኩሽ። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል።” ምን ያህል ጮኸው እንደተናገሩ አላወቁም፤ የማዶው በር ሲከፈት ግን አዩ። “አማትሽ ጠርተውኛል። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ያሉትን ስላልሰማሁ ነው እሺ ያልኳቸው። እሳቸው አልዋሹም።”

ፍራሽ አዳሿ ቀና ብላ አየቻቸው። ይቅር የሚል ፊት አልነበረም። ኢርፎኑን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ኖሮ ደንግጣ ነቀለችው፤ ቀንሳ መልሳ ሰካችው። አዳመጠች። ከዚያ ተነሣች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው አንድ ነገር ተናገረች። ትንበያው ሊሆን ይችላል። ስድብም ሊሆን ይችላል።

የጋሽ ሬዲዮ ጭንቅላት እንደ ልማዱ መነቅነቅ ጀምሮ ነበር። አስቆሙት።

“አልሰማሁሽም” አሉ። “ዞር በይና ጮክ ብለሽ ንገሪኝ። ጎረቤት ቢሰማም ይስማ።”