የሆራው አጥር

የንጉሡ ሠራዊት ሰፈር ጎባ ላይ በተተከለ በሁለተኛው ዓመት ከብት አለቀ። በሬው ቀደመ፣ ላሟ ተከተለች፣ ጥጃው መጨረሻ ሄደ። የሲናና ሜዳ ገብስ ቆሞ ደረቀ፤ የተረፈውን አንበጣ በላው። ወታደሩ የጋሻውን ቆዳ ቀቅሎ በላ። በሰኔ ብዙ ሰው ተቀበረ፤ በሐምሌ ቀባሪ ጠፋ።

በዚያ ሐምሌ እኅተማርያም በተስቦ የተያዘ ወታደር ባሏን ብዙነህን ደግፋ ከሰፈሩ ወረደች። ከታች ሆራ ነበር፤ ከድንጋይ ሥር እየተንተከተከ የሚወጣ፣ አፍንጫ የሚነድፍ ጨዋማ ውኃ። ያሽራል ሲሉ ሰምታለች። ምንጩ የከድሮ ነበር። ከድሮ የአገሩ ሰው ነው። ከአርባ ከብቱ አንዲት ላም ቀርታዋለች፤ ወንድሙን ደግሞ አምና የእነዚሁ ወታደሮች ጥይት ገድሎበታል። ቢያባርራቸው የሚወቅሰው አልነበረም። እሱ ግን ጎጆው አስገባቸው፣ በሆራው ውኃ ማር በጥብጦ ዘጠኝ ቀን አጠጣው።

ብዙነህ ሲነሣ የከድሮን እጅ ይዞ በማርያም ማለ። «የጠየቅኸኝ ቀን፣ የጠየቅኸኝን እሰጥሃለሁ።» እኅተማርያምም አጠገቡ ቆማ አሜን አለች።

ከዚያ መሬቱ ለወታደሩ ተደለደለ። ሆራው ለብዙነህ ደረሰው። ከድሮም አብሮ ደረሰው፤ ገባር ሆነ። በየወቅቱ የሳነቴን ተራራ ተሻግሮ፣ አንገቱ ወደሚባለው ጫካ ወርዶ፣ ማር እየቆረጠ ያመጣ ጀመር።

ጠጅ መጣል የሹማምንት ነበር፤ ተራ ወታደር ጠጅ ጣለ ቢባል ያስቀጣዋል። ስለዚህ እኅተማርያም ጌሾ ሳትነካ ብርዝ ሠራች። ባዶ የባሩድ በርሜል አግኝታ በአመድና በፈላ ውኃ ሰባት ጊዜ አጠበችው፣ በወይራ አጠነችው። ከበርሜሉ ግርጌ የቀርከሃ አሸንዳ ሰካች፣ አፉን በእንጨት ውታፍ ደፈነች፣ ስንጥቁን ሁሉ በሰም መረገች። ውኃው በተቀዳበት ቅጽበት ካልታሸገ አፍንጫ የሚነድፈው ኃይሉ ይበናል። ከታሸገ ግን ውታፉ ሲላላ ብርዙ እየተንጫጫ ዋንጫ ይሞላል። እንዲህ ያለ መጠጥ በጎባ ከሷ ቤት በቀር አልነበረም።

ብዙነህ ከብት ከረገጠው ምንጩ ይደክማል ብሎ ሆራውን በጥድ አጠረው።

ከድሮ መጣ። ከብቱ በዘጠኝ ዓመት ተራብቶ አሥራ አንድ ደርሶ ነበር።

«ጌታዬ፣ ከብት ሆራ ካልጠጣ ወተቱ ይደርቃል፤ ኋላም ይሞታል። አጥሩን ይክፈቱልኝ።»

«ከፋሲካ በኋላ» አለው ብዙነህ።

ፋሲካ አለፈ። «ከክረምት በኋላ» አለው። አምስት ከብት ሞተ። «ከመስቀል በኋላ» አለው። ሌላ አራት ሞተ።

አንድ እሑድ የሰፈሩ አለቃ ፊታውራሪ ኃይለመስቀል ከነአሽከሮቻቸው ብዙነህ ቤት መጥተው ሦስት ዋንጫ ጨለጡ።

«ብዙነህ! እኔ አንተን ብዬ የምመጣ ይመስልሃል? በርሜልህን ብዬ ነው!» አሽከሮቹ ሳቁ። «በል ስማ። ምንጩን ከነመሬቱ ለእኔ ልቀቅ፤ መቶ አለቃ አደርግሃለሁ። በሚቀጥለው እሑድ በሽማግሌ ፊት እንጨርሳለን።»

ብዙነህ መሬት ሳመ። ይህችን ማዕረግ አሥር ዓመት ጠብቋታል።

ከድሮ የማር ቅሉን ታቅፎ ደጁ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ፊታውራሪው ሲወጡ ገባ።

«ጌታዬ፣ የምጠይቅዎ ቀን ዛሬ ነው።»

«ሰምተሃል እኮ! ምንጩ የእኔ መሆኑ ቀረ።»

«የእርስዎ ሳለም ጠይቄ ነበር።»

«ሂድ ወዲያ! ማሩን አስቀምጥና ሂድ!»

ከድሮ ወደ እኅተማርያም ዞረ። «እመት፣ እርስዎም አሜን ብለው ነበር። ወላሂ አልረሳሁም።» ቅሉን አስቀምጦ ወጣ።

 ምንጩ በፊታውራሪው እጅ ከገባ አጥሩን ማንም እንደማያስከፍት እኅተማርያም ታውቃለች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብዙነህ ሽማግሌ ሊጠራ ሲወጣ በርሜሉን ወደ ምድጃው አስጠጋች፣ ከላይ ያለውን ሰም ፍቃ ስንጥቁን ከፈተች። ብርዙ እስከ ቀትር ፉጨት አሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ። መልሳ ደፈነችው፣ ሰሙን እንደ ነበረ መረገችው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ፊታውራሪው ዋንጫቸውን አነሡ፣ ተጎነጩ፣ ተፉት።

«ምንድን ነው ይሄ? የቅል እጣቢ ነው የምታጠጡኝ?»

«ጌታዬ፣ የቀዳሁት ከዚያው ከሆራው ነው» አለች እኅተማርያም። «ከታጠረ ወዲህ ውኃው ደክሟል።»

«የሞተ ምንጭ ልትሸጥልኝ ነበር፣ አንተ!» ፊታውራሪው ዋንጫውን ብዙነህ እግር ሥር ወረወሩት። «ምንጭህን ያዝ! ማዕረጉንም በሕልምህ ፈልገው።» ሽማግሌዎቹ ተከትለዋቸው ወጡ።

ብዙነህ ውታፉን ነቀለ፣ በመዳፉ ተቀብሎ ቀመሰ። የበርሜሉን ጎን ዳበሰ፤ የምድጃው እሳት ለብልቦታል።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

እጁን አነሣ። እሷ አልሸሸችም። እጁን አወረደና መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ምን አደረግሁሽ?»

«እርስዎ የማሉትን ከፈልሁ።»

 ብዙነህ ከዚያን ቀን ወዲያ እስኪሞት ድረስ በስሟ አልጠራትም። እሷ መጥረቢያ ይዛ ወረደች፣ የጥድ አጥሩን ከአንድ ወገን ቆርጣ ጣለችው። ከድሮ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ሁለት ከብት ይነዳ ነበር፤ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ከብቶቹ ተጋፍተው ገቡ፣ አፋቸውን ነክረው ጠጡ።

ከድሮ አላመሰገነም።

«አሥራ አንድ ነበሩ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ተከፍሏል፣ እመት። ማሩን በየወቅቱ አመጣለሁ፤ ግብር ነው። በደጄ ሲያልፉ ግን ቆመው አይጥሩኝ። እኔም ወጥቼ እንዴት አደሩ አልልም።»

«እሺ» አለች እኅተማርያም። መጥረቢያዋን አንሥታ ዳገቱን ወጣች።