እግሯን ያነሣሁት እኔ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አልማግሮ ሰፈር ባለው የታንጎ ዳንስ ክበብ፣ ኔሊዳን ያደማኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ይህን መጻፍ አይከብደኝም። ያን ቀን ግን ከአፌ ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ዴልፊና ታንጎ መማር ከጀመረች ዓመት አልሞላትም፤ እኛ ዘንድ ስትመጣ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በቀደሙት ሁለት ቀናት ማንም ለዳንስ ሳያስነሣት ነበር የሄደችው። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ ወንድ በዓይኑ ይጠይቃል፣ ሴት ራሷን ነቅንቃ ትፈቅዳለች። ያን ቀን ዓይኔ እሷ ላይ አረፈ፤ ራሷን ነቀነቀችልኝ፣ ተነሣን።

ጥሩ ትደንሳለች፤ ያ ነው ልቤን ያሳበጠው። ጥጉ ጋ ስንደርስ፣ ሰው ከፊትም ከኋላም በተጠጋጋበት፣ አዙሬያት ድንገት ገታ አደረግኋት። እንዲህ ሲደረግ የሴት እግር ወደ ኋላ ተወንጭፎ ይነሣል፤ ላስቀረው ብትልም አትችልም። ሰው በሞላበት እንደማይደረግ ከተማርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ግን ፊት ረድፍ የተቀመጡት እያዩን ነበር።

የዴልፊና የጫማ ታኮ ከኋላችን ትደንስ የነበረችውን የኔሊዳን ባት ሰነጠቀው።

ኔሊዳ ጮኸች። ስቶኪንጓ ተተርትሮ ደም ወረደ። ደንቡን ሁሉም ያውቃል፤ የሴቷ እግር የት እንደሚያርፍ ተጠያቂው የሚመራት ወንድ ነው። እጅ አንሥቶ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ይላል፣ አለቀ። እኔ ግን ወደ ዴልፊና ዞርኩና፣

"ቀስ በይ እንጂ፣ ልጄ!" አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

"ኤቫሪስቶ፣ በቅሎ ነው እንዴ ይዘህ የመጣኸው?" አለኝ ራሚሮ፣ ከኔሊዳ ጋር ይደንስ የነበረው።

ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ዴልፊና ሄዳ ተቀመጠች። ሦስት ዙር ሙዚቃ አለፈ፤ አንድም ወንድ ወደ እሷ አልተመለከተም። አጠገቧ ያለችው ሴት እንኳ ወንበሯን ራቅ አደረገች። ነገሩ በዚሁ ከቀረ በሚቀጥለው ሐሙስ "ያቺ ረጋጭ" የሚለው ስም በየአዳራሹ እንደሚደርስ፣ ከዚያ ወዲያም ማንም እንደማያስነሣት አውቃለሁ። ወንድ ወደ ሴት ጠረጴዛ አይሄድም፤ እኔ ሄድኩ።

"ምን አመጣዎት? እግሬን ሊያስሩት ነው?"

"አትቀየሚኝ፣ ልጄ..."

"ልጅዎ አይደለሁም። ማነው እግሬን ያነሣው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለእኔ ምን ይነግሩኛል? እኔማ አውቃለሁ።" ፊቷን አዞረች።

ወደ ኔሊዳ ሄድኩ፤ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ በረዶ ይዛበታለች። ራሚሮ ስጠጋ ሲያየኝ ቆመ።

"ደግሞ ምን ፈለግህ?"

"የዴልፊናን እግር ያስነሣሁት እኔ ነኝ። የመራኋትን ነው ያደረገችው።"

"እሷ ላይ ስትጮህ አዳራሹን አናውጠኸው ነበር። አሁን ምነው ድምፅህ ሟሸሸ?"

ዙሩ አልቆ ሰው ወደየወንበሩ እየተመለሰ ነበር። እጄን አነሣሁ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው!" አልኩ። "ዴልፊና ምንም አላጠፋችም። በሰው መሃል እግሯን ያስወነጨፍኳት እኔ ነኝ፤ ቆሜም ዋሸሁባት።"

አሁን የሳቀ የለም። ኔሊዳ በረዶውን አገላብጣ፣ "ባቴስ ይድናል" አለች። "አንተ ግን ከእንግዲህ ወደ እኔ እንዳታይ።"

የአዳራሹ ባለቤት ፔርላ ኮቴን ከፊት ረድፍ ወንበሬ ላይ አንሥታ ደረቴ ላይ ለጠፈችው። "ቦታህ ከዓምዱ ኋላ ነው። ካልፈለግህ በሩ ያውልህ።"

"እስከ መቼ?"

"እኔ እስክልህ።"

ከዓምዱ ኋላ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሆኖ የሴቶቹን ዓይን መያዝ አይቻልም። ሙዚቃው እንደ ጀመረ ራሚሮ ወደ ዴልፊና ትኩር ብሎ ተመለከተ፤ ራሷን ነቀነቀችለት። ያንኑ ጥግ በተራ እርምጃ ብቻ አሻገራት። ዙሩ ሲያልቅ ሌላ ወንድ አስነሣት፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ።

ወደ ማብቂያው አንገቴን አስግጌ ዓይኗን ያዝኩት። በደንብ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ ወሬዋን ቀጠለች።