ስክሪኑን የምታጠፋው ልጅ

ታናሽ ወንድሜ ልጆች ራሳቸውን እየመሩ እንዴት እንደሚማሩ የሚመዝን ፕሮግራም ሠርቷል። ልጆቹ በኮምፒውተር ሒሳብ ሲማሩ ፕሮግራሙ ከጀርባ ሆኖ ይከታተላል፤ ማን ማውሱን ነካ፣ ማን ወደ ኋላ ተመልሶ አነበበ፣ ማን ፍንጭ ጠየቀ፣ ማን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። ነጥባቸው ዝቅ ያለ ልጆች ዓርብ ቦታቸውን ለሌላ ይለቃሉ፤ ወረፋ የሚጠብቀው ብዙ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ጥቂት። የክፍሉ አስተማሪ እኔ ነኝ። ወንድሜ ጎበዝ አይደለም አልልም፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይቀምስ ጨው አነሰው የሚል ሰው ነው።

ከሁሉም ዝቅ ያለችው ሐውልት ነበረች። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው፤ በትምህርቱ መሃል እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ድርቅ ስለምትል። ቤታቸው ኮምፒውተር የለም፤ ይህ ወንበር ካመለጣት ሌላ የላትም። ማውሱን ሲያንቀጫቅጭ የሚውለው አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ጥሩ ነጥብ ሲያገኝ፣ በእሷ ስም ፊት የተጻፈው «በአብዛኛው ትምህርቱ ላይ የለችም» የሚል ነው። ሳነበው ደሜ ፈላ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ልጅቷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር።

ለወንድሜ ደውዬ የልቤን ነገርኩት። እሱ ወይ ፍንክች። ቁጥር አያዳላም፣ አንቺ ግን ታዳያለሽ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቷ ስትደርቅ ምን እንደምትሠራ እኔም አላውቅም ነበር። ብቻ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ተረትኩበትና፣ ከመፍረድህ በፊት ናና በዓይንህ እይ አልኩት።

ሐሙስ መጣ። ከሐውልት ጀርባ ወንበር ስበን ተቀመጥን። ስለ ክፍልፋይ አነበበች፤ አንድ ምሳሌ ሠራች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና ስክሪኑን አጠፋችው። ወንድሜ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ አላልኩሽም ማለቱ ነው። ሐውልት ግን ከጠቆረው ስክሪን ጋር ታወራ ነበር፤ ድምፅ የለም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች፣ ፊቷን አኮማተረች፣ ስክሪኑን አብርታ ያንኑ ገጽ እንደገና አነበበች። ደግማ አጠፋችው።

ወንድሜ ወንበሩን አስጠጋና ለምን እንደምታጠፋው በለሆሳስ ጠየቃት። ጥፋት የሠራች መስሏት ደነገጠች፤ ትከሻዋን ያዝ አደረግኳት።

«ሲጠፋ የራሴ ፊት ይታየኛል» አለችው። «እዚያ ውስጥ ለምትታየኝ ልጅ አስረዳለሁ። ቤት ለታናሽ እህቴ እንደማስረዳው።»

«ታዲያ እንዳልገባሽ በምን ታውቂያለሽ?»

«ስቀባጥር አታምነኝም። ዓይኗ ያስታውቃል።»

ወንድሜ ማውስ እየቆጠረ ዓመታት ሲያሳድደው የኖረው ነገር ይኸው ነበር፤ ልጅ ራሷን ስትጠይቅና ራሷን ስታርም። ፕሮግራሙ ደግሞ የለችም ብሎ ጽፎባታል። ላሾፍበት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን አንጀቴን በላኝና ተውኩት።

ዓርብ ሐውልት ከወንበሯ አልተነሳችም። ሌላም ልጅ አልተነሳም፤ ፕሮግራሙ እስኪታረም ድረስ ማንም በነጥቡ እንዳይሰናበት ወንድሜ ራሱ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ለምኖ አስፈቀደ። ወረፋ ለሚጠብቁት የከሰዓት ፈረቃ ከፈትን። ድካሙ የእኔ ነው፤ ግን ልቤ ሞልቶ ነው የተቀበልኩት።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ክፍሉን ልቆልፍ ስመለስ፣ ወንድሜ በሐውልት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስክሪኑን አጥፍቶ፣ አዲሱ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ ለገዛ ፊቱ ያስረዳል። መሃል ላይ ሲደርስ ተንተባተበ። ራሱን አከክ አከክ አደረገና ስክሪኑን አብርቶ የጻፈውን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ። እኔም ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ጠበቅኩት።