የፋጡሜ ዛላ

ሙስዐብ ቁልፏን ከላፕቶፑ ነቅሎ በሸሚዙ ጫፍ ወለወላትና መልሶ ሰካት። አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ ናት፤ እሷ ካልተሰካች የጥልፉ ፕሮግራም አይሠራም። ስክሪኑ ላይ ያው ግራጫ ሳጥን ወጣ፤ ውስጡም ያው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ።

ከኋላው የወንድሙ ሚስት አሻ ነጩን ጨርቅ በጥልፍ ማሽኑ ፍሬም ላይ ወጥራ ትጠብቃለች። ከጠዋት ጀምሮ እንደተወጠረ ነው።

ሟቹ ወንድሙ ጀሚል በሕይወት ሳለ የከሚሴ ሙሽራ ሁሉ የሱን ጥልፍ ትለብስ ነበር። ከሰንበቴ ድረስ መጥተው "የጨፋ ዛላ" ብለው የሚጠይቁት፣ ፍሬ ከብዶት ጎንበስ ያለ የማሽላ ዛላ ነው። እሱን ከለባሾቹ ቀሚስ ላይ አይቶ መገልበጥ ይቻላል። የመጨረሻውን ንድፍ ግን አይቻልም። ጀሚል ለልጁ ለፋጡሜ ሰርግ ብሎ ነድፎት፣ ሳይጠልፈው ሞተ። "ሰርጓ ሲደርስ ታይዋለሽ" እያለ ለአሻ እንኳ አላሳያትም። ሰርጉ ደረሰ፤ እሁድ ነው።

አሮጌው ኮምፒውተር መሀል ላይ እየቆመ ሲያስቸግር፣ ቱርክ ተምሮ የተመለሰው ሙስዐብ ፕሮግራሙን ወደ ራሱ ላፕቶፕ ላዛውረው አለ። ጠዋት ቁልፏ እንደተሰካች አሮጌውን ሲከፍት፣ የኮምፒውተሩ ቀን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።

"ጀሚል ምን ነክቶት ነው እንዲህ የተወው?" ብሎ ሳቀ።

"የኛ ቀን ነው እኮ" አለች አሻ። "ራሱ ነው የሞላው።"

"ኮምፒውተር የኛን ቀን አያውቅም፣ እቴ።"

በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካከለው። ከዚያ ወዲያ እስከ ዐስር ሰላት ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር ሲታገል ዋለ። አልቀበልም ሲለው ፕሮግራሙን የድሮው ዊንዶውስ ላይ ያለ እንዲመስለው አታለለው። እሱስ ተሳካ። ፕሮግራሙ ተከፈተና ግራጫውን ሳጥን አወጣ።

ነገሩ የገባው ያኔ ነው። የፕሮግራሙ ፈቃድ በፈረንጅ ቀን ካበቃ ዓመታት አልፈውታል፤ በጀሚል ቀን ግን ገና አላበቃም ነበር። ብልጠት ይሁን አለማወቅ፣ ወንድሙ ፕሮግራሙን በሀገሩ ቀን አኑሮታል። አሁን የሁለቱንም ኮምፒውተሮች ቀን ወደ ኋላ ቢመልስ፣ ቁልፏ አንዴ ያየችውን አልረሳ አለች። ፕሮግራሙን ወደሸጠው የአዲስ አበባ ሱቅ ሲደውል፣ ያነሳው ሰው ብሎኬት ሻጭ ነኝ አለው።

የንድፎቹ ስም በስክሪኑ ላይ ተደርድሯል፤ ከመጨረሻው ላይ "ፋጡሜ" ይላል። ቢጫነው አይከፈትም። ሙስዐብ ከተመለሰ ወዲህ ብዙ ነገር ሊያስተካክል ሞክሯል፤ በእርግጥ የተስተካከለለት የኮምፒውተሩ ቀን ብቻ ነው።

"ማል ጄዳ?" አለች አሻ ጠጋ ብላ፤ ስትፈራ ኦሮምኛዋ ይቀድማል። "ምን ይላል ጽሑፉ?"

ጽሑፉ የኮምፒውተሩ ቀን በመለወጡ ቁልፉ ለዘለቄታው ተዘግቷል ይላል። ሙስዐብ በልቡ አንዴ ደገመው።

"ጊዜው አልፎበታል ነው የሚለው።"

"የፕሮግራሙ?"

"አዎ። አርጅቷል።"

አሻ የባሏ ስም መስሏት ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም በጣቷ ነካች፤ የነካችው ግን የልጇን ስም ነበር፣ ማንበብ አትችልም። "ኢና ሊላሂ" አለች ቀስ ብላ። "ባለቤቱም አልቆየም። አንተ ምን ታደርግ፣ ሙስዐብዬ? እህል ሳትቀምስ ነው የዋልከው፤ አላህ ይስጥህ።"

እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ዞራ የፍሬሙን ብሎን መፍታት ጀምራ ነበር። ነጩ ጨርቅ ረገበ።

ከደጅ ባጃጅ ቆመ። ፋጡሜ ከሹፌሩ ጋር እየተሳሳቀች ስትወርድ ተሰማ። ፋጡሜ እንግሊዝኛ ታነባለች።

ከመግባቷ በፊት ላፕቶፑን ከደነው።