ለስምንት ሰው ዘጠኝ ወንበር

መኪና ልንገዛ የወጣን ዕለት ከባሌ ጋር የተጣላነው ገና የቤታችንን በር ሳንዘጋ ነው። "ሜትሩን ደግሞ ምን ልታደርገው ነው? መኪና ልንገዛ ነው ወይስ በር ልትሠራ?" አልኩት። እሱ እቴ! የአናጢነት ሜትሩን ኪሱ ከተተና "ካውያ ጋለች" ብሎ ልጆቹን ጠቀሳቸው። ካውያ ያለኝ እሱ ነው። የሆቴል አንሶላና የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ስለምውል ብቻ አይደለም፤ ቶሎ እግላለሁ፣ ትንሽ ከተዉኝ ደግሞ ወዲያው እበርዳለሁ። እኔም ቀውላላው እለዋለሁ። ራሱ የሠራውን በር ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ያኔ ታሞ ነበር። ጉበቱን ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ በኋላ ፊቱ ትንሽ ወዛ ሲልልኝ፣ እኔ "ዳነልኝ" ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ሐኪሙ ምን አለህ ስለው "መድኃኒቱ እየሠራ ነው አለኝ" አለ፤ አመንኩት። ምን ላድርግ፣ ማመን ፈልጌያለሁ። የእንጨት ማሽኖቹን ለሥራ ባልደረባው ሸጦ "ወገቤም ደክሟል፣ አሁን ሁላችንንም የምትይዝ መኪና እንግዛ" ሲለኝ እንኳ አልነቃሁም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? ለእኔ የታየኝ ከበሽታው የተነሣ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ሊንሸራሸር ሲያምረው ነው።

እኛ ስምንት ነን። እሱ፣ እኔ፣ እናቴ፣ አምስት ልጆች። ትልቋ ልጄ የዳቦ ቤት መኪና ትነዳለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ሲጣሉ የሚውሉ መንታ ወንዶች፣ ከዚያ አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጭራ። ጭራ ያልናት ከሁሉም ኋላ ስለመጣች ነው። አሮጌዋ መኪናችን አምስት ሰው ብቻ ስለምትይዝ ርቀን ስንሄድ ግማሾቻችን በእሷ፣ ግማሾቻችን በታክሲ ነበር። አንድ ጊዜ ባሌ ወደተወለደበት ከተማ ስንሄድ ነዳጅ ማደያ ወረድን። እኔ "ጭራ ከአባቷ ጋር ናት" ብዬ፣ እሱ "ከእናቷ ጋር ናት" ብሎ፣ ልጅቷን እዚያው ጥለናት ሄድን! ነፍሳችን ወጥቶ ስንመለስ ከነዳጅ ቀጂዋ አጠገብ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። "ምነው ቶሎ መጣችሁ?" አለችን።

ከዚያ ወዲህ ባሌ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት "ማን ቀረ?" ብሎ ይጮሃል። እኛም በአንድ አፍ "ማንም!" እንላለን። አንድ ሰው ዝም ካለ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። ተኮራርፈን እንኳ ቢሆን እንጮሃለን።

መሸጫው ግቢ ውስጥ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ሁለቱም የአንድ ክፍል ቤት ያህላሉ። ሻጩ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ወጣት ነው። "ይምጡ እናቴ፣ ይግቡ" አለኝ።

"ከመቼ ወዲህ ነው የወለድኩህ? እናቴ ካልከኝስ ዋጋውን ቀንስልኛ!" አልኩት። ሁሉም ሳቁ፤ ባሌም ሳቀ። ሲስቅ ጎኑን በእጁ መያዙን አይቻለሁ። አይቼም ወደ ነጩ ዞርኩ።

ነጩ አዲስ ነው። ልክ እንደ እኛ ቁጥር ስምንት ወንበር አለው። መወጣጫው ዝቅ ያለ በመሆኑ እናቴ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ሰው ሳይደግፋት ወጣች። "እዚህ እንዳለሁ ብሞት ደስ ይለኛል" ብላ ወንበሩ ላይ ተደላደለች። መንታዎቹ በየወንበሩ ስልክ መሰኪያ አገኙና ጠባቸውን ረሱ። ጥቁሩ ግን ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ነው። ዘጠኝ ወንበር አለው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የተደረደረ፤ ከፍ ያለ ነው፣ በሩ ሲከፈት ሲጢጥ ይላል፣ ነዳጅ ደግሞ እንደ ውኃ ይጠጣል አሉ።

"ነጩ የአሥር ዓመት ዋስትና አለው" አለ ሻጩ።

"ሰማህ? አሥር ዓመት!" አልኩት ባሌን በክርኔ ጎሸም አድርጌ። "ጭራን መንዳት የምታስተምራት በዚህ ነው።"

"አሥር ዓመት ብዙ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ምኑ ነው ብዙ? እኔን ሃያ ሦስት ዓመት ችለህ የለ!"

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ሰባታችንም ነጩን አልን፤ እሱ ብቻ እጁን ኪሱ እንደከተተ ቀረ። "ተሸነፍክ ቀውላላው፣ ስምንት ሰው ዘጠኝ ወንበር ምን ይሠራለታል?" አልኩት። ሜትሩን አውጥቶ ወደ ነጩ ኋላ ሄደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ እየተነጫነጭኩ ተከተልኩት።

የነጩ የኋላ ወንበር ሲታጠፍ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚታጠፈው። "ለየብቻ አይታጠፍም?" ብሎ ሻጩን ጠየቀው። አይታጠፍም። "ታዲያ ረጅም ዕቃ ሲጫን ሰዎቹ የት ይቀመጣሉ?" ሻጩ ጣሪያው ላይ ስለሚገጠም ብረት ማስረዳት ጀመረ። ባሌ "ጣሪያ ላይማ አይሆንም" ብሎ ጥሎት ወደ ጥቁሩ ሄደ። እዚያ በቀኝ በኩል ያሉትን የመሐሉንና የኋላውን ወንበር ለየብቻ አጠፋቸው። ከኋላ በር እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ ድረስ አንድ ረጅም ጠባብ ቦታ ተከፈተ፤ በግራ በኩል ያሉት ወንበሮች ምንም አልሆኑም። ርዝመቱን ለካ፣ ስፋቱን ለካ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባና በጀርባው ተንጋለለ።

"ኧረ የሰው ያለህ!" አልኩ። "አልጋ በገዛሁልህ ኖሮ! ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣኸኝ ለመተኛት ነው?" ሻጩ ሳቁን ሊደብቅ ዞር አለ፤ ልጆቹ ግን ነጩ ውስጥ እየተንጫጩ ስለነበር አላዩም።

"በሩን ዝጊልኝ እስቲ" አለኝ ከውስጥ።

እየሳቅኩ ዘጋሁለት። በመስታወቱ ስመለከት እግሮቹን ገጥሟል፤ ከበሩ የሚለዩት በአንድ ጭብጥ ነው። እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው። ዓይኑን ጨፍኗል። ቀልድ የለም ፊቱ ላይ። እኔ ደግሞ ሰው እንደዚያ ሆኖ ሲጋደም አይቼ አውቃለሁ፤ አባቴን ገንዣለሁ። ክው አልኩ። ሳቄ አፌ ላይ እንዳለ ደረቀ።

በሩን በረገድኩት። "ውጣ!"

"ቆይ እንጂ..."

"ውጣ አልኩህ! ሟርተኛ! ሰው በቁሙ ይለካል?"

"ቀስ በይ፣ ልጆቹ ይሰማሉ።"

"መድኃኒቱ እየሠራ ነው አላልከኝም?"

"ሕመሙን ለማስታገስ እየሠራ ነው ነው ያለኝ" አለ ዓይኔን ሳያይ። "እኔ ግማሹን ነገርኩሽ። ሰፈሩን ሁሉ እየዞርሽ ዳነልኝ ስትዪ፣ ሌላውን ግማሽ በየት አፌ ልንገርሽ?"

መኪናው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ እንደተጋደመ፣ ጣሪያውን እያየ ያወራኝ ጀመር።

"እናቴን የወሰድናት ጊዜ ትዝ ይልሻል?"

እንዴት ትዝ አይለኝም! እናቱ እዚህ ሆስፒታል አርፋ፣ ሬሳዋን በኪራይ ፒክአፕ እሱ ወደተወለደበት ከተማ አስቀድመን፣ እኛ ከኋላ በአውቶቡስ ተከተልን። የእኛ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሸ። የፒክአፑ ሹፌር ሌላ ሥራ ነበረበትና ሳጥኑን የመቃብሩ በር ላይ አውርዶት ሄደ። ስንደርስ ፀሐይ ላይ ናት። የማታውቃት አንዲት መንገደኛ ጃንጥላዋን ዘርግታላት ቆማለች። ባሌ ያን ዕለት አላለቀሰም፤ ጃንጥላውን ተቀብሎ አጥፎ መለሰላት።

"ስምንት ልጅ ወልዳ ብቻዋን ደጅ ጠናች" አለኝ። "እኔ እናቴ ጎን ነው መተኛት የምፈልገው፤ ይህን ታውቂያለሽ። ግን ብቻዬን እንዳትልኩኝ። አፈር ስሆን፣ ሌላ የምጠይቅሽ ነገር የለም። በአንድ መኪና፣ ሁላችንም ሆነን እንሂድ።"

"ነጩን ነው የምንገዛው!" ብዬ ጮህኩበት። "እዚያ አትገባም! ሰምተሃል? ብትታጠፍ አትገባም! አሥር ዓመት ዋስትና አለው!" እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ ነው የምጮኸው።

ቢከራከረኝ እኮ አሸንፈው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በክርክር አሸንፌዋለሁ። እሱ ግን "እሺ፣ ነጩ ይሁን" ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ። ጫማው ውስጥ እግሩን ሲከት አልገባ አለው። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ ካልሲው ዙሪያውን ሰርጉዶበታል። ከአንዴም ሁለቴ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ሊይዝ ሞከረና ትንፋሽ አጠረው። ያኔ ነው አንጀቴን የበላው። በየቀኑ ካልሲውን የማጥብ እኔ፣ እንዴት እግሩን አላየሁም? መሬት ላይ ተንበርክኬ ልፈታለትም ላስርለትም አቃተኝና ጫማውን ታቅፌ ተነፋረቅኩ።

"በይ ተይ፣ ካውያ በውኃ ይበላሻል" አለኝ። እንዲህ ነው እሱ።

ፊቴን በነጠላዬ ጠረግኩ። "ተመልሰህ ተኛ" አልኩት።

"ምን?"

"ተኛ ነው የምልህ!"

ተኛ። እኔ በጎን በር ገብቼ የመሐሉ ወንበር ላይ፣ ከእሱ አጠገብ ተቀመጥኩ። "ራስህ በየት በኩል ነው የሚሆነው?"

"ወደ ፊት፤ እንዳሁኑ።"

እጄን ዝቅ ሳደርገው ግንባሩ ላይ አረፈ። ላብ አለው። ጸጉሩን ወደ ኋላ መለስኩለት። "እሺ፣ እጄ ይደርሳል" አልኩት።

ወጥቼ ሻጩን "ጥቁሩን" አልኩት። ልጆቹ ግቢውን በጩኸት ሞሉት። "ድምፅ ሰጥተን የለም እንዴ!" ይላሉ መንታዎቹ። "ድምፃችሁን ድመት ይብላው!" አልኳቸው። "እኔ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ዕቃ መጫኛ ያስፈልገናል።" ትልቋ ልጄ ብቻ ፊቴን አየት አድርጋ፣ ወደ አባቷ ሄዳ፣ ምንም ሳትጠይቅ የጫማውን ማሰሪያ አሰረችለት።

ያን በጋ የት ያልሄድንበት አለ! መጀመሪያ እሱ ይነዳ ነበር፤ በኋላ ትልቋ እየነዳች እሱ ከጎኗ ይቀመጥ ጀመር። ዘጠነኛው ወንበር ላይ ቦርሳ እንጥላለን፤ እናቴ "ለአማቻችን ነው፣ እንዳታቆሽሹት" እያለች ትልቋን ታበሽቃታለች። "ማን ቀረ?" የሚለው ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ፣ እኛ "ማንም!" የምንለው እየጎላ ሄደ። ማንም ጩኹ ሳይለን ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደረሰ።

ሳጥኑን የሠራው ማሽኖቹን የገዛው ባልደረባው ነው። ለካ ባሌ ቀደም ብሎ ልኩን ሰጥቶት ኖሯል። ሲያስገቡት ከየትም ሳይነካ ገባ፤ በሩም በመጀመሪያው ግፊያ ተዘጋ። ጎረቤቶቻችን አውቶቡስ ተከራይተው ከኋላችን ቆመዋል። እኛ ግን እንዳለው በአንድ መኪና ነን። መንታዎቹ ከኋላ፣ እኔና እናቴ ከመሐል፣ ትልቋ ከመሪው፣ ዝምተኛዋና ጭራ ከጎኗ። እጄን ሳጥኑ ላይ፣ ራሱ ባለበት በኩል አሳረፍኩት።

ትልቋ ቁልፉን ጨብጣ ቀረች። አላዞረችውም። ከዚያ እንደ አባቷ "ማን ቀረ?" አለች።

ድምፅ የለም። መንታዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች።

ጭራ ወንበሯ ላይ ተንበርክካ ወደ ኋላ ዞረች። መንታዎቹን አየች፣ እናቴን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሳጥኑን ብዙ አየችው።

"እማዬ" አለች፣ "ማንም ልበል?"

"በይ ልጄ" አልኳት። "ጮክ ብለሽ በይ፣ እንዲሰማ።"